በሬው ሳይወድቅ ይወሰን

በ2007 ዓ.ም. ነሐሴ አጋማሽ ላይ በሰሜን ወሎ ቆላማ ቀበሌያችን አንድ የከብት ነጋዴ አባቴ ደጃፍ ድረስ መጥቶ ነበር። የፈለገው ጥርሱ ያለቀውን ትልቁን በሬያችንን ነው። የሐምሌው ዝናብ ሳይጥል አልፎ ማሽላው ከጉልበት በላይ አላደገም። በሬው ግን ገና ሥጋ ነበረው። አባቴ «በሬ ሽጬ በምን ላርስ ነው? ዝናቡ እንደሆነ ለጳጉሜ አያጣንም» ብሎ ነጋዴውን ቡና አጠጥቶ ሸኘው።

ዝናቡ በጳጉሜም አልመጣም። ከኅዳር ጀምሮ ሁለቱ በሬዎችና ላሚቱ በቤት ባለው አገዳና ጭድ ብቻ ይኖሩ ጀመር። በጥር መጨረሻ ክምሩ አለቀ። በየካቲት ትልቁ በሬ በረት ውስጥ ወደቀ፤ ጎረቤት ተጠርቶ በሰው ትከሻ ቢነሣም በሦስተኛው ቀን ሞተ። ላሚቱም ተከተለችው። የቀረው ወይፈን ገበያ ወጥቶ አንድ ኩንታል ማሽላ እንኳ በማይገዛ ዋጋ ተሸጠ። በ2008 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ ደኅና ሆኖ ሲጥል ዘር ነበረን፤ በሬ ግን አልነበረንም። ስለዚህ ማሳችንን ለእኩል ሰጥተን፣ በገዛ መሬታችን ላይ የተመረተውን እህል ከሌላ ሰው ጋር ተካፈልን።

ይህን የምጽፈው አባቴን ለመውቀስ አይደለም። አባቴ ከብት ያውቃል። በዚያ ክረምት በቀበሌያችን ስለ ማዳበሪያ ዕዳና ስለ መንገድ ሥራ ስብሰባ ተደርጓል፤ ስለ ከብቱ ግን አንድ ቃል አልተነሣም። እያንዳንዱ አባወራ የጎረቤቱን በረት ያይ ነበር። ጎረቤቱ ካልሸጠ እርሱም አይሸጥም፤ ጎረቤቱ ዝናብ ከጠበቀ እርሱም ይጠብቃል። በዚህ ዓይነት የመንደሩ ሰው ሁሉ ተያይቶ ጠበቀ፤ ተያይቶም አጣ።

ከዚያ በኋላ ግብርና ኮሌጅ ገብቼ በዲፕሎማ ተመርቄ በሙያው ከተሠማራሁ ወዲህ የተገነዘብኩት አንድ ነገር አለ። ከብት ከተፈጥሮ አደጋ የሚድነው አደጋው ከገባ በኋላ በሚደረግ ሩጫ አይደለም። የሚድነው ከብቱ ገና ሥጋ ሳለ ማኅበረተኛው በአንድነት ተቀምጦ በሚወስነው ውሳኔ ነው። ይህንንም ስብሰባ ሊጠራ የሚችለው የገበሬ ማኅበሩ መሪ ነው። በመንግሥት መዝገብ ስሙ ዛሬ ቀበሌ ቢባልም፣ ብዙው የገጠር ሰው አሁንም «ገበሬ ማኅበር» እያለ የሚጠራው ይህ መሥሪያ ቤት ከገበሬው በረት ጋር እንደ እርሱ የቀረበ ሌላ አካል የለውም።

ድርቅ እያሳሳቀ ይወስዳል

ጎርፍ በአንድ ሌሊት ይመጣል፤ ድርቅ ግን ወራት ይወስዳል። አታላይነቱም በዚሁ ነው። በመጀመሪያ ዝናቡ ይዘገያል፤ ቀጥሎ ሣሩ ይሳሳል፤ ከዚያም ላሞች ወተት ይቀንሳሉ፤ ኋላም የጎድን አጥንት መቆጠር ይጀምራል። በእያንዳንዱ ደረጃ «ጥቂት እንጠብቅ» የሚያሰኝ ተስፋ አይጠፋም። ከብቱ መውደቅ ሲጀምር ግን የሚደረገው ሁሉ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

በቅርቡ የደረሰውን ማስታወስ ይበቃል። ከ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ጀምሮ እስከ 2015 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ በቦረና፣ በሶማሌ ክልልና በአጎራባች ቆላዎች አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። በ2015 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ በዚሁ ድርቅ በአገራችን የሞቱት እንስሳት ቁጥር ከ6.8 ሚሊዮን በላይ መድረሱ ተገልጿል። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ በመጀመሪያው የዝናብ መክሸፍ ጊዜ ገበያ ቢወጡ ዋጋ የሚያወጡ እንስሳት እንደነበሩ ለመገመት አዋቂ መሆን አያስፈልግም።

በድርቅ ጊዜ ገበያው ገበሬውን በሁለት በኩል ይጎዳዋል። የከብት ዋጋ ይወድቃል፤ ምክንያቱም ሁሉም በአንድ ጊዜ የከሳ ከብት ይዞ ይወጣል። የእህል ዋጋ ደግሞ በዚያው ሳምንት ይወጣል። በመስከረም አንድ በሬ ሸጦ ብዙ ኩንታል መግዛት ይችል የነበረው ሰው፣ በየካቲት በዚያው በሬ ለሳምንታት የሚሆን እህል እንኳ አይገዛበትም። በመጠበቅ የሚተርፍ ነገር ያለ ቢመስልም፣ በእያንዳንዱ ወር ከበሬው ላይ የሚቀንሰው ሥጋ ከገበሬው ኪስ የሚወጣ ገንዘብ ነው።

ሌላም ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። በድርቅ የተጎዳ ከብት ብዙ ጊዜ የሚሞተው በድርቁ መጨረሻ፣ የመጀመሪያው ዝናብ በጣለበት ሳምንት ነው። የከሳ ሰውነት ብርዱን አይችልም። ከዚህም ሌላ የተራበ ከብት ለጋ ሣር በብዛት ሲበላ ሆዱ ይነፋል። ስለዚህ ጥቂት ደረቅ ጭድ ለዚያች ሳምንት ማስቀረትና የደከሙትን ከዝናብ የሚከልል መጠለያ ማዘጋጀት ከወራት ድካም በኋላ የተረፈውን ከብት ከደጃፍ ሞት ያድነዋል።

አባቶች ያውቁታል

በጊዜ መወሰን ከኮሌጅ የመጣ አዲስ ትምህርት አይደለም። የቦረና ከብት አርቢዎች ለጥጆችና ለደካማ ከብት ብቻ የሚከለል የግጦሽ ቦታ አላቸው፤ «ካሎ» ይሉታል። የሚታለቡትን ላሞች በሰፈር አጠገብ ሲያስቀሩ፣ ጠንካራውንና ደረቁን መንጋ «ፎራ» ብለው ወደ ሩቅ ግጦሽ ይልካሉ። ከጥልቁ የቱላ ጉድጓድ ውሃ የሚጠጣውም እንደ ዘፈቀደ አይደለም፤ የየትኛው መንጋ ተራ በየትኛው ቀን እንደሆነ በሥርዓት ይደለደላል። ከብቱ ያለቀበት ቤተሰብ ደግሞ «ቡሳ ጎኖፋ» በሚባለው የጎሳ መረዳጃ አማካይነት ጊደር ተሰጥቶት እንደገና ከብት አርቢ ይሆናል።

አፋሮች «ዳጉ» አላቸው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ የት ዘነበ፣ የት ሣር በቀለ፣ የት በሽታ ገባ ብለው ሳይጠያየቁ አይላለፉም። ይህ ለአፋር ከብት አርቢ የማስጠንቀቂያ መሥሪያ ቤቱ ነው።

በእኛም ደጋና ወይና ደጋ «የርቢ» የሚባለው ልማድ አለ። ገበሬው ላሙን ለሌላ አገር ዘመዱ ወይም ወዳጁ በርቢ ይሰጣል፤ ግልገሉን ይካፈላሉ። በዚህ ዓይነት ሁሉም ከብት በአንድ ሰማይ ሥር አይሆንም፤ ቆላው ቢደርቅ ደጋው ላይ የተቀመጠችው ላም ትተርፋለች። አንድ በሬ ብቻ ያለውም ከመሰሉ ጋር በመቀናጆ ያርሳል።

እነዚህን ልማዶች አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ቢኖር አንድ ሰው ብቻውን የሚፈጽማቸው አለመሆናቸው ነው። ካሎ የሚከበረው ሁሉም ሲያከብረው ነው፤ የቱላ ተራም ሁሉም ሲስማማበት ይጸናል። ዛሬ ግን ብዙው የግጦሽ መሬት ታርሷል፤ በአፋር ፕሮሶፒስ የተባለው መጤ ዛፍ ሰፊ ግጦሽ ሸፍኗል፤ ከብት ይሄድበት የነበረው መንገድም በየቦታው ተዘግቷል። ልማዱ በተዳከመበት ቦታ የማኅበሩ ውሳኔ ሊተካው ይገባል እንጂ ቦታው ባዶ ሊቀር አይገባም።

መሸጥ ማጣት አይደለም

አሁን ወደ ዋናው አከራካሪ ነጥብ እንግባ። ብዙ ገበሬ በድርቅ ጊዜ ከብት መሸጥን እንደ ውርደት ይቆጥረዋል። «ከብቱን ሸጠ» ማለት «ቤቱ ፈረሰ» ማለት ይመስለዋል። እስቲ በአባቴ በረት ሒሳብ እንየው።

አንድ 250 ኪሎ ያህል የሚመዝን ያገር ከብት በቀን ወደ 6 ኪሎ ደረቅ መኖ ይፈልጋል። ሦስት ከብት በቀን 18 ኪሎ ይበላል ማለት ነው። በቤት ያለው አገዳና ጭድ 15 ኩንታል ቢሆን፣ ለሦስቱ የሚበቃው ለ83 ቀን ነው። ከኅዳር 1 ቀን ቢጀመር በጥር 23 ቀን ያልቃል። አሮጌው በሬ በነሐሴ ቢሸጥ ኖሮ ግን ያው 15 ኩንታል ለሁለቱ ለ125 ቀን፣ ማለትም እስከ መጋቢት 5 ቀን ይበቃ ነበር። በዚያ ላይ ከሽያጩ ገንዘብ ተጨማሪ ጭድ ገና ሳይወደድ ይገዛል። እንግዲህ አባቴ አንድ በሬ አልሸጥም በማለቱ ሦስት ከብት አጣ። አንዱን ሸጦ ቢሆን ኖሮ ሁለቱን ለማዳን ዕድል ነበረው።

ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ሒሳብ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በደቡብ ድርቅ በገባ ጊዜ በሞያሌ አካባቢ ነጋዴዎች ብድር ተሰጥቷቸው ከብቱ ካለበት ድረስ እየሄዱ እንዲገዙ ተደርጎ ነበር። ወደ 20 ሺህ የሚጠጋ ከብት ተገዛ፤ ለአርቢዎቹም ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተከፈለ። አንድ ቤተሰብ በአማካይ 186 ዶላር፣ በጊዜው ምንዛሪ 1,600 ብር ገደማ አገኘ። አርቢዎቹ በገንዘቡ ለቤተሰባቸው እህል ገዙ፤ ለቀሪው ከብት መኖና መድኃኒት ገዙ፤ አንዳንዶቹም መኪና ተከራይተው የቀረውን መንጋ ሣር ወዳለበት አገር አጓጓዙ። ኋላ የተደረገው ጥናት እንዳሳየውም ለዚህ ሥራ የወጣው ወጪ ካስገኘው ጥቅም ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነበር። እነዚህ ሰዎች የሸጡት ሊሞት የነበረውን ከብት ነው፤ ያተረፉትም ቀሪውን መንጋና ቤተሰባቸውን ነው።

የትኛው ይሸጥ? የትኛው ይቅር? ይህ በማኅበር ደረጃ ሊሰላ ይገባዋል። የሚቀሩት ጠንካራ የእርሻ በሬዎች፣ እርጉዝና ወጣት ላሞች፣ ደኅና ጊደሮችና ለዘር የሚሆን ኮርማ ናቸው። በቅድሚያ የሚሸጡት ጥርሳቸው ያለቀ በሬዎች፣ የማይወልዱ ላሞችና የተትረፈረፉ ወይፈኖች ናቸው። ለገበያ የማይበቁ ነገር ግን ጤነኛ የሆኑት፣ ሥጋቸው በእንስሳት ጤና ባለሙያ ታይቶ ታርደው ቋንጣ ቢደረጉ ለተራበው ቤተሰብ ምግብ ይሆናሉ። ቢቻል ከሽያጩ ጥቂቱን ወደ ፍየል መለወጥም አይከፋም። ፍየል ቅጠል ቀንጥባ ትኖራለች፤ ቶሎም ትወልዳለች።

በዚህ ላይ የሚነሡ ሦስት ተገቢ ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው «ሁሉም በአንድ ቀን ካወጣ ዋጋው አይወድቅም ወይ?» የሚለው ነው። ይወድቃል። የማኅበሩ ውሳኔ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው። መሪው የሚሸጡትን ከብቶች መዝግቦ፣ በየሳምንቱ በተራ እንዲወጡ አድርጎ፣ ነጋዴዎችንና የሥጋ ድርጅቶችን አስቀድሞ ቢጠራ አንድ ገበሬ ብቻውን የማያገኘውን ዋጋ ማኅበረተኛው ያገኛል።

ሁለተኛው «ገንዘቡ እጅ ላይ ሆኖ ያልቃል፤ ዋጋውም ይረክሳል» የሚል ነው። እውነት ነው። ስለዚህ የሽያጩ ገንዘብ አብዛኛው በዚያው ሳምንት መኖና እህል ይሁን፤ የተረፈው ብቻ በቁጠባ ማኅበር ይቀመጥ። በድርቅ ኋላ ጊደር የሚገዛው ይኸው ቁጠባ ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከበደው ግን «አንድ በሬ ብቻ ያለው ምን ይሽጥ?» የሚለው ነው። ለእርሱ ሽጥ ማለት ቀልድ ነው። ማኅበሩ መኖ በሚያከፋፍልበት ጊዜ መጀመሪያ የሚታሰበው ይህ ሰው መሆን አለበት። ባለ ብዙ ከብት የሆነው ሰው አስቀድሞ ሸጦ የማኅበሩን ግጦሽ ካላቀለለ፣ የባለ አንዱ በሬ ሞት የእርሱም ኃላፊነት ነው። መሪው ይህን በስብሰባ ላይ ፊት ለፊት ሊናገር ይገባል። የመሪው የራሱ በረት ሞልቶ ሌላውን ሽጡ ቢል ግን የሚሰማው የለም። የመጀመሪያው ከብት ከመሪው በረት ይውጣ።

የሚቀረውን ማቆየት

ለሚቀሩት ከብቶች መኖ የሚዘጋጀው በክረምት ማብቂያ እንጂ በበጋ አይደለም። በብዙ ቦታ ሣር የሚታጨደው በኅዳር፣ ከደረቀና ፍሬው ከረገፈ በኋላ ነው። ያ ሣር ሆድ ይሞላል እንጂ ብዙ ኃይል የለውም። ሣሩ አበባ ሲይዝ፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ቢታጨድ፣ በጥላ ደርቆ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ቢከመር ኃይሉ አይጠፋም። ድርቅ በታየበት ዓመት ደግሞ ፍሬ የማይዝ መሆኑ የታወቀውን ማሽላና በቆሎ እርጥብ ሳለ አጭዶ ማድረቅ ይሻላል። አባቴ ያን ዓመት የደረቀውን አገዳ «ምናልባት ያፈራል» ብሎ በማሳው ላይ እስከ ኅዳር አቆየው፤ ፍሬም አልያዘ፣ መኖነቱም ቀነሰ። ማስጠንቀቂያ የሚያሻው አንድ ነገር ግን አለ። በድርቅ የቀጨጨ እርጥብ ማሽላ ከብት ሊመርዝ ስለሚችል ሳይደርቅ ከብት አይለቀቅበት።

ጭድንና አገዳን በዩሪያ ማከም በአገራችን የተሞከረና የሚሠራ ዘዴ ነው። ለ100 ኪሎ ጭድ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዩሪያ ከ80 እስከ 100 ሊትር ውሃ ውስጥ ተሟሙቶ፣ ጭዱ በጉድጓድ ወይም በላስቲክ ላይ በየንብርብሩ ይርከፈከፍና ተጠቅጥቆ አየር እንዳይገባው ይዘጋል። በ21ኛው ቀን ይከፈታል፤ ሽታው እንዲወጣ ተዘርግቶ ካደረ በኋላ ቀስ በቀስ እየተለመደ ይሰጣል። ዩሪያ በዚህ መንገድ ካልሆነ መርዝ ነው። በመጠጥ ውሃ ተሟሙቶ ወይም እንዲሁ ተበትኖ ከብት እንዳይቀምሰው፤ ዕድሜያቸው ከስድስት ወር በታች ለሆነ ጥጆች፣ ለፈረስና ለአህያም አይሰጥ።

ውሃን በተመለከተ፣ አንድ ከብት በበጋ እንደ ሙቀቱ ከ20 እስከ 30 ሊትር በቀን ይፈልጋል። የደከመ ከብት ውሃ ፍለጋ ብዙ ሰዓት ቢነዳ በጭድ ያገኘውን ኃይል በመንገድ ይጨርሰዋል። ስለዚህ በክረምት ኩሬን መጥረግና ማጠር፣ ከውሃው አጠገብ ያለውንም ግጦሽ ለበጋ መከለል በከብቱ ጉልበት ላይ የሚደረግ ቁጠባ ነው።

ክትባትም እንደዚሁ ነው። አባ ሰንጋ፣ አባ ጎርባ፣ ጎሮርሳ፣ ለበግና ለፍየልም ደስታ መሰል የተባለው በሽታ፣ ከብት በአንድ የውሃ ቦታ ሲሰበሰብና ሲዳከም ይበረታሉ። ሆኖም የከሳ ሰውነት ክትባቱን በሚገባ አይቀበልም። ስለዚህ ክትባቱና የሆድ ትል መድኃኒቱ የሚሰጠው ከብቱ ገና ጠንካራ ሳለ ነው። በ1880ዎቹ መጀመሪያ በክፉ ቀን የአገራችንን ከብት የፈጀው ደስታ የተባለው በሽታ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ተረጋግጧል። ይህ የሆነው በድንገት ሳይሆን በሽታው በሌለበት ጊዜ ጭምር ሳይሰለቹ በመከተብ ነው።

ጎርፍ ቀን አይሰጥም

ድርቅ የሚሰጠውን ጊዜ ጎርፍ አይሰጥም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ድሬዳዋን በሌሊት ጎርፍ መታት፤ በነሐሴ ኦሞ ወንዝ ሞልቶ በዳሰነች አካባቢ ከ360 በላይ ሰዎችን በሺህ ከሚቆጠር ከብት ጋር ወሰደ፤ ያንኑ ክረምት በጣና ዙሪያ የፎገራና የደምቢያ ሜዳዎች በውሃ ተዋጡ። በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ደግሞ ከረጅሙ ድርቅ ያልተነሣው የሶማሌ ክልል በጎርፍ ተመታ። የድርቅ አገር ነን ብሎ ጎርፍን መርሳት እንደማይገባ ይህ ይበቃል።

ስለዚህ ዝግጅቱ ከሰኔ በፊት ያልቅ። ከብቱ የሚወጣበት ኮረብታ በስም ይታወቅ፤ መንገዱም ይጠረግ። ሌሊት በደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ ከብት አይደር። የውሃ ድምፅ ሲሰማ በመጀመሪያ ሰው፣ ቀጥሎ ጥጆች ይውጡ፤ ጊዜ ካጠረ ትልልቁ ከብት ከእስራቱ ይፈታና ይለቀቅ፤ ያልታሰረ ከብት ራሱን የማዳን ዕድል አለው። ውሃው ሲሸሽም ሥራው አያበቃም። ረግረግ ላይ የጋጠ ከብት የጉበት ትል ይይዘዋል፤ ጎርፍ የገለበጠው አፈርም የአባ ሰንጋን ዘር ሊያወጣው ይችላል። በድንገት የሞተ ከብት አይገፈፍ፣ አይበላ፤ ራቅ ብሎ በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር።

አራት ስብሰባዎች

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ሁሉ ወደ ሥራ የሚለወጠው ቀን ሲቆረጥለት ነው። የክረምት ዝናብ ለሚጠብቅ ማኅበር በዓመት አራት ስብሰባ ይበቃል።

የመጀመሪያው በነሐሴ መጨረሻ ይሁን። አጀንዳው አንድ ነው፤ ዝናቡ እንዴት ነው? ከከሸፈ የሚሸጠው ከብት ዝርዝር በዚያው ቀን ይጀመር። ሁለተኛው በመስከረም መጨረሻ ለሣር አጨዳና ለግጦሽ ክለላ፣ እንዲሁም ለክትባት ይሁን። ሦስተኛው በኅዳር መጀመሪያ ይሁን፤ በየቤቱ ያለው ጭድ በኩንታል፣ ከብቱም በቁጥር ተመዝግቦ የስንት ቀን መኖ እንዳለ ይሰላ። ከላይ ያሳየሁት ሒሳብ ለዚህ ይበቃል፤ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሊሠራው ይችላል። አራተኛው በየካቲት መጀመሪያ ይሁን፤ የጎደለበት ቤት ይለይ፣ ባለ አንድ በሬዎች ይረዱ፣ ለመጀመሪያው ዝናብ የሚሆን ጭድ ይቀመጥ። ሁለት ዝናብ የሚያገኙ ቆላዎች ደግሞ ይህንኑ በግንቦት መጨረሻና በኅዳር መጨረሻ ሊያደርጉት ይችላሉ።

የወረዳና የዞን ኃላፊዎችም ከዚህ ነፃ አይደሉም። በ2008 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን በላይ ለሚሆን ሕዝብ እርዳታ በተጠየቀበት በዚያ ዓመት ለእኛ ቀበሌ የታሰበው መኖ የደረሰው ላሚቱ ከተቀበረች በኋላ ነበር። መኖውን ጎረቤት ቀበሌ ወሰደው፤ እዚያም የተረፈው ከብት ጥቂት ነበር። መኖ ከብቱ ቆሞ ሳለ ካልደረሰ ወጪ እንጂ እርዳታ አይባልም። ይሁን እንጂ ማኅበሩ በኅዳር የቆጠረውን ከብትና ጭድ በወረቀት አድርጎ በኅዳር ለወረዳው ካቀረበ፣ «አልሰማንም» የሚል መልስ አይኖርም። ቁጥር ይዞ የሄደ መሪና ልመና ይዞ የሄደ መሪ እኩል አይደመጡም።

አባቴ ከዚያ ዓመት በኋላ ሁለት በሬ እስኪገዛ አራት ዓመት ፈጅቶበታል። አራቱንም ዓመት ማሳው በሌላ ሰው በሬ ታርሷል። አንድ ድርቅ ሲያልፍ የሚተወው ጠባሳ በዚያው ዓመት ብቻ የሚቆጠር አይደለም። አሁን ዝናቡ ሲያጓትት ማንም ሳይጠይቀው በረቱን ያያል፤ የትኛው እንደሚወጣ ይመርጣል። ነገር ግን ይህን ለመማር ሦስት ከብት ከፍሏል። የእናንተ ማኅበረተኞች ያንኑ ዋጋ እስኪከፍሉ መጠበቅ አያስፈልግም።

የገበሬ ማኅበር መሪዎች ሆይ፣ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ላይ ከማዳበሪያው ዕዳና ከመንገዱ ሥራ አስቀድማችሁ አንድ ጥያቄ አንሡ፤ ዝናቡ ቢከሽፍ ከየበረታችን የመጀመሪያው ከብት የሚወጣው መቼ ነው? መልሱ ከቀኑ ጋር ተጽፎ በቃለ ጉባኤ ይያዝ።